ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን፤ ቀለሙን ለእመቤታችን ያቀረበ የዳጋ እስጢፋኖስ መነኩሴ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከላንቻ ተነሥቶ ወደ መስቀል አደባባይ የሚጓዝ ምእመን የቀዳሜ ሰማዕት ቅዱስ እስጢፋኖስን ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። ከዚያ ብዙ ርቆ፣ በጣና ሐይቅ መካከል፣ በዚሁ ሰማዕት ስም የተሰየመ ጥንታዊ ገዳም አለ። ዳጋ እስጢፋኖስ ይባላል። በከተማችን አጥቢያዎች በየዕለቱ ተሳልመን የምናልፋቸው ቅዱሳት ሥዕላት፣ በተለይም እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የምትታይበት ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ በሀገራችን እንዴት እንደተስፋፉና ምን ዓይነት እጅ እንደደከመባቸው ለማወቅ የሚሻ ሰው ወደዚያ ደሴት መመለስ ይገባዋል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚያ የሠራ፣ ፍሬ ጽዮን የሚባል ሠዓሊ መነኩሴ ነበርና።

ለፍሬ ጽዮን እንደ ታላላቆቹ ጻድቃን የተጻፈ ገድል የለም። ሕይወቱ የሚነበበው በገበታ ላይ ነው። የጥንት ኢትዮጵያውያን ሠዓልያን አብዛኞቹ ስማቸውን ሳይጽፉ አልፈዋል፤ ዋጋቸውን ከእግዚአብሔር ብቻ ሲጠብቁ ኖረዋል። ፍሬ ጽዮን ግን በዳጋ እስጢፋኖስ በሚገኝ አንድ ትልቅ የገበታ ሥዕል ላይ ስሙን ትቶልናል። በዚያው ጽሑፍ ሥዕሉ በንጉሡ በዘርዐ ያዕቆብ ዘመንና ይስሐቅ የዳጋ አበ ምኔት በነበረበት ወቅት እንደተሣለ ተመዝግቧል። እነዚህ ጥቂት ቃላት ሠዓሊውን ከዘመኑ፣ ከገዳሙና ከአበ ምኔቱ ጋር አስተሳስረው ለእኛ አድርሰውታል።

ዘመኑ

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ነገሠ። በሃይማኖት ትምህርትና በሥርዐተ ቤተ ክርስቲያን ላይ ያደረገው ሥራ እስከ ዛሬ በቅዳሴያችንና በበዓላታችን ውስጥ ይታያል። በአባቱ በዐፄ ዳዊት ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ፣ የእመቤታችን 33ቱ በዓላት እንዲከበሩ ያዘዘ እርሱ ነው። በግብፅ የነበረው የደብረ ምጥማቅ ቤተ ክርስቲያን መፍረሱን በሰማ ጊዜ፣ በዚያው ስም የምትጠራ ቤተ ክርስቲያን በተጉለት አሠራ። በ1442 ዓ.ም. ስለ ሰንበታት ክብር የመከረው ጉባኤም የተካሄደው በዚህችው ደብረ ምጥማቅ ነው።

የተአምረ ማርያም ንባብ የሥዕልን ፍላጎት አበዛ። መጽሐፉ ሲነበብ ሥዕሏ በክብር ትወጣለች፤ ይታጠንላታል፤ ምእመናን በፊቷ ይሰግዳሉ። ስለዚህ ደብሩም ገዳሙም የእመቤታችን ሥዕል ያስፈልገው ጀመር። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ ሥዕል በይበልጥ የሚታወቀው በብራና መጻሕፍትና በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ነበር። በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ግን በእጅ የሚያዝ፣ በመንበር አጠገብ የሚቆም፣ በዑደት የሚወጣ የገበታ ሥዕል ትልቅ ቦታ ያዘ። ፍሬ ጽዮን ብሩሹን ያነሣው በዚህ ሰዓት ነው።

ያ ዘመን የክብር ብቻ ሳይሆን የብርቱ ክርክርም ዘመን ነበር። ለእመቤታችንና ለመስቀሉ ስግደት አይገባም ብላችኋል ተብለው የተከሰሱ መነኮሳት ነበሩ፤ ከእነርሱም የአባ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት ከባድ ቅጣት ደርሶባቸዋል። ንጉሡ በሃይማኖት ጉዳይ ለገዛ ልጆቹ እንኳ እንዳልራራ ታሪክ ያስታውሳል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ የእመቤታችንን ሥዕል መሣል ቀላል የእጅ ሥራ አልነበረም። ሠዓሊው የሚሥለው መልክ ሕዝቡ በፊቱ የሚቆምበት፣ ለፈጣሪ ብቻ የሚገባውን የአምልኮ ስግደት ለቅዱሳን ከሚቀርበው የአክብሮት ስግደት ለይቶ የሚማርበት መሆን ነበረበት። በሥዕሉ የእናቲቱ ክብር ከልጇ ተለይቶ ቢታይ ትምህርቱ ይፈርሳል። የፍሬ ጽዮን ሥራ በዚህ ፈተና ላይ የጸና ምስክር ነው። የሚያስደንቀውም፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የአባ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት ገዳም የሆነችው ጉንዳ ጉንዶ ራሷ እጅግ ባማሩ የብራና ሥዕሎቿ የምትታወቅ መሆኗ ነው። ክርክሩ አለፈ፤ ቅዱሳት ሥዕላት ግን የሁሉም መገናኛ ሆነው ቀሩ።

ደሴቲቱ

ዳጋ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ሂሩተ አምላክ የተመሠረተ የወንዶች ገዳም ነው። በውኃ የተከበበ በመሆኑ በሌላው ሀገር እሳትና ዘረፋ ያጠፋቸው ብዙ ንዋያተ ቅድሳት በዚያ ተጠብቀዋል። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ፣ በየብስ የነበሩ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከነሥዕሎቻቸው ሲቃጠሉ የጣና ደሴቶች የብዙ ቅርስ መጠጊያ ሆነዋል። በዳጋ የነገሥታት አፅምም ያርፋል፤ ከእነዚህም አንዱ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። ሠዓሊው በገበታው ላይ ስሙን የጠራው ንጉሥ ሥዕሉ በሚገኝበት ደሴት ዐርፏል ማለት ነው።

የመነኩሴ ኑሮ ለሠዓሊ ትምህርት ቤት ነው። በሰዓታቱ ይጸልያል፤ ይጾማል፤ ከተአምረ ማርያም፣ ከውዳሴዋና ከአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ አርጋኖን ምሥጢሯን ይሰማል። የሰማውን በቃል የሚያመሰግን አለ፤ በዜማ የሚያመሰግን አለ። ፍሬ ጽዮን የተሰጠው በቀለም ማመስገን ነበር።

ገበታ፣ ጀሶና ቀለም

በዘመናችን ይህን ዓይነቱን ሥዕል የሥነ ጥበብ ሰዎች ቴምፔራ ይሉታል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን መቀላቀል ማለት ነው። ዱቄት የሆነ ቀለም በውኃ ከሚሟሟ ማጣበቂያ ጋር ተዋሕዶ የሚሣልበት ጥበብ ነው። በኢጣልያና በግሪክ ሀገር ማጣበቂያው ብዙውን ጊዜ የዕንቁላል አስኳል ነበር። በኢትዮጵያ የገበታ ሥዕል ግን በአብዛኛው ያገለገለው ከእንስሳት ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ሙጫ ነው። ብራና የሚዳምጡ ገዳማት የቆዳ ቁራጭ አያጡም፤ ለመጽሐፉ ገጽ የሆነው ቆዳ ትራፊው ለሥዕሉ ሙጫ ይሆናል።

ሥራው የሚጀምረው ከእንጨቱ ነው። እንጨቱ እንዳይጣመም በደንብ መድረቅ ይኖርበታል። ገበታው ይጠረባል፤ ብዙ ጊዜም መካከሉ ጎድጎድ፣ ዳር ዳሩ ከፍ ብሎ ከአንዱ እንጨት እንደ ክፈፍ ይወጣል። ሁለት ወይም ሦስት ገበታዎች በቀዳዳ በሚያልፍ ገመድ ተያይዘው እንደ መጽሐፍ እንዲከፈቱና እንዲዘጉ ይደረጋል። ከዚያ ጀሶ በሙጫ ተለውሶ ገበታው ላይ በተደጋጋሚ ይቀባል። እያንዳንዱ ንብር ሲደርቅ ሌላ ይጨመርበታል፤ በመጨረሻም እንደ ዝሆን ጥርስ እስኪለሰልስ ይሞረዳል። ይህ ነጭ ወለል ለቀለሙ ብርሃን ይሰጠዋል። ጀሶው ቸኩሎ ከተቀባ ወይም ሙጫው ከቀጠነ፣ ከዓመታት በኋላ ሥዕሉ ከነወለሉ ይላጣል። ስለዚህ የሥዕል ዕድሜ የሚወሰነው ገና አንድ መስመር ሳይሠመር ነው።

ቀጥሎ ረቂቁ ይነደፋል። ቀለሞቹ ጥቂት ናቸው። በጥንታዊ የኢትዮጵያ የገበታና የብራና ሥዕሎች ላይ የተደረጉ ምርመራዎች እንዳሳዩት ደማቁ ቀይ በአብዛኛው ሲናባር ከሚባል ማዕድን፣ ቢጫው ኦርፒመንት ከሚባል ማዕድን፣ ሰማያዊው ከቅጠል ከሚወጣው ኢንዲጎ፣ ጥቁሩ ከከሰል ወይም ከጥቀርሻ ይገኛል። ቢጫውና ሰማያዊው ሲቀላቀሉ አረንጓዴ ይወጣል። ቀዩ ሜርኩሪ፣ ቢጫው አርሰኒክ ያለባቸው በመሆናቸው ለሚፈጫቸው ሰው መርዝ ናቸው። የቅዱሳን አክሊለ ብርሃን በሌላው ዓለም በወርቅ ሲለበጥ በእኛ ዘንድ ብዙውን ጊዜ በዚህ ቢጫ ይሣል ነበር።

በሙጫ የተለወሰ ቀለም ቶሎ ይደርቃል። ሠዓሊው አንዱን ቀለም በሌላው ውስጥ እያሟሟ ጥላ ለማውጣት ጊዜ የለውም። ስለዚህ ሰፋፊ ቦታዎችን በአንድ ወጥ ቀለም ይሞላና በላያቸው ላይ በቀጭን መስመር ይሠራል። በኢትዮጵያ ቅዱሳት ሥዕላት የምናየው የመስመር ጥራትና የቀለም ግልጽነት ከዚህ ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው። ፍሬ ጽዮን ይህን ጠባይ እንደ እክል አልቆጠረውም። በልብሱ እጥፋት ላይ መስመርን ከመስመር አጠገብ እያሰለፈ፣ ጨርቁ እንደ ዜማ ምልክት ተከታትሎ እንዲወርድ አደረገ። በዚያው ዘመን በፍላንደርስ ያን ቫን አይክ በዘይት ቀለም ሲራቀቅ፣ በፍሎረንስ አካባቢ ፍራ አንጄሊኮ የሚባል መነኩሴ ሠዓሊ በዕንቁላል ቴምፔራ ሲሠራ፣ በጣና ደሴት ያለው ወንድማቸው በጀሶና በቆዳ ሙጫ ተመሳሳዩን ምሥጋና ያቀርብ ነበር።

ሥዕሉ የሚያስተምረው

ፍሬ ጽዮን የተለየ ፍቅር የነበረው ለእመቤታችን ሥዕል ነው። በእርሱ እጅና በተከታዮቹ ሥራዎች እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ትታያለች፤ ቅዱስ ሚካኤልና ቅዱስ ገብርኤል ሰይፋቸውን ይዘው በግራና በቀኝ ይቆማሉ፤ ክንፋቸውን በላይዋ እንደ ድንኳን ይዘረጋሉ። ንግሥትን ጃንጥላ ይዘው የሚያጅቡ ባለሟሎችን ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን አቋቋም ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። የመላእክት አለቆች ለእርሷ ዘብ የቆሙት በክንዷ ላይ ስላለው ነው፤ ክብሯ ከልጇ ክብር የተነሣ መሆኑን ሥዕሉ በአንድ እይታ ይናገራል።

ከዚህ ግርማ መካከል ደግሞ ርኅራኄ ይታያል። ሕፃኑ እጁን ዘርግቶ የእናቱን አገጭ የሚዳስስበት ሥዕል አለ፤ እመቤታችን በእጇ አበባ ይዛ የምትታይበትም አለ። አበባው በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ያለው ትርጉም የታወቀ ነው። ከእሴይ ሥር የወጣው በትር፣ የለመለመችው የአሮን በትር፣ በየዓመቱ በወርኃ ጽጌ በማኅሌት የምናመሰግነው ምሥጢር ሁሉ በዚያ አንድ ዘለላ ውስጥ ተሰብስቧል። ማንበብ የማትችል አሮጊት እናት ሊቁ በመጽሐፍ የሚተነትነውን ምሥጢረ ሥጋዌ በእርሱ ፊት ቆማ ትረዳዋለች። አምላክ ሰው ሆኖ በእናት ክንድ ታቀፈ፤ ሕፃን እንደሚያደርገውም የእናቱን ፊት ዳሰሰ።

የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቃውንት እንዲህ ያለው አሣሣል በቢዛንታይንና በኢጣልያ ሥዕሎች ዘንድም እንደሚታወቅ ያመለክታሉ። በዚያ ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በኢየሩሳሌም ነበሩ፤ በ1441 እ.ኤ.አ. ከእነርሱ የሄዱ ልዑካን ፍሎረንስ ደርሰዋል። ሥዕልም ከሰው ጋር ይጓዛል። ፍሬ ጽዮን ከውጭ የመጣ ሥዕል አይቶ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ያየውን በቀጥታ አልቀዳም። መላእክቱን በሀገሩ ግርማ አቆመ፤ ልብሱን በሀገሩ ጥለት አስጌጠ፤ መልኩን ለገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ጸሎት እንዲስማማ አደረገው። ከሌላው መቀበልና የራስን ሳይለቁ መጽናት አብረው እንደሚሄዱ ሥራው ያስረዳል።

ከእርሱ በኋላ

አንድ ሠዓሊ ታላቅ መሆኑ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ተከታይ ማፍራቱ ነው። የፍሬ ጽዮንን አሣሣል የተከተሉ ሠዓልያን እስከ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ሠርተዋል። ከዚህ ወገን የሆኑ የገበታ ሥዕሎች ዛሬ በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይገኛሉ። በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በሚገኘው የዋልተርስ ሙዚየምም የእርሱ ተከታይ እንደሠራው የሚነገርለት ሥዕል አለ። ማሪሊን ሄልድማን የተባሉት የታሪክ ሊቅ በ1994 እ.ኤ.አ. ስለ ፍሬ ጽዮን የማርያም ሥዕሎች አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትመዋል። በደሴት ተሰውሮ የኖረ መነኩሴ በዓለም የሥነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ በስሙ የሚጠራ ሆነ።

ለእኛ የሚተርፈው ጥያቄ

ውድ ምእመናን! የፍሬ ጽዮንን ታሪክ የምናነበው ለመደነቅ ብቻ ከሆነ ጥቅሙ ጥቂት ነው። ሥዕሉ ከ500 ዓመታት በላይ የቆየው ጀሶው ጸንቶ ስለተቀባና አባቶች በጨርቅ ሸፍነው፣ ከጥቂት በዓላት በስተቀር ሳያወጡ ስለጠበቁት ነው። በየአጥቢያችንና በየቤታችን ያሉ አሮጌ ሥዕላት ግን ዛሬም ይጠፋሉ። የሚጠፉትም በሌባ እጅ ብቻ አይደለም፤ በቸር አሳቢ እጅም ነው።

በሙጫ የተለወሰ ቀለም ውኃ ሲነካው ይሟሟል። የደበዘዘ ገበታ ይጠራ ዘንድ በእርጥብ ጨርቅ የሚወለውል አገልጋይ የዘመናትን ጸሎት በአንድ ጠዋት ሊያጥብ ይችላል። ቅባት ወይም ዘይት መቀባትም ለጊዜው ቢያደምቀው፣ ውሎ አድሮ አቧራና ጢስ ሰብስቦ ያጠቁረዋል። ጧፍ ከሥዕሉ ሥር አስጠግቶ ማብራት ጀሶውን ያሞቃል፤ ይሰነጥቀዋል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ አሮጌው ሥዕል አላምር ብሎ በላዩ ላይ በዘመኑ ቀለም ማሣል ነው። የተሸፈነው መስመር ተመልሶ አይገኝም። አንዳንዱም አሮጌውን ገበታ ከመንበሩ አንሥቶ በምትኩ አንጸባራቂ የወረቀት ኅትመት ይሰቅላል፤ የተነሣውም ገበታ በዕቃ ቤት ተጥሎ ወይ ምስጥ ይበላዋል፣ ወይ ለነጋዴ ይሸጣል። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዱት ኩርዓተ ርእሱ፣ ነገሥታት በዘመቻ ይዘውት ይወጡ የነበረው ሥዕል፣ እስከ ዛሬ ወደ ሀገሩ አልተመለሰም። የተወሰደብንን መልሱልን ማለት ይገባል፤ ነገር ግን በእጃችን ያለውን የማንጠብቅ ከሆነ ጥያቄያችን ይደክማል።

ስለዚህ በቂርቆስም ሆነ በካዛንቺስ፣ በላንቻም ሆነ በሌላው አጥቢያ ያለ ሰበካ ጉባኤ አሮጌ ሥዕል ሲያገኝ ሊያደርገው የሚገባው ቀላል ነው። ሥዕሉን በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ከእርጥበት፣ ከፀሐይና ከጧፍ ያርቀው፤ በንብረት መዝገብ ያስመዝግበው፤ ከነፎቶግራፉ ለሀገረ ስብከቱ ያሳውቅ፤ ጥገና ቢያስፈልግ ሙያው ያለውን ሰው ይጥራ። ወጣት ሠዓልያንም በዘይትና በዘመናዊ ቀለም መሥራታቸው ባይነቀፍም፣ ገበታ መጥረብን፣ ጀሶ መለወስንና ሙጫ ማውጣትን ከአረጋውያን አባቶች ቢማሩ መልካም ነው። ጥበቡ ከሰው ወደ ሰው ካልተላለፈ በሙዚየም መስታወት ውስጥ ብቻ ይቀራል።

ፍሬ ጽዮን ማለት የጽዮን ፍሬ ማለት ነው። ስሙን በሥዕሉ ላይ ሲጽፍ ከእርሱ በኋላ በሥዕሉ ፊት የሚቆም ሁሉ እንደሚያነበው ያውቅ ነበር። ከእኛ የሚጠበቀው ያን ስም ማንበብ የሚችል ትውልድ፣ የሚነበብበትንም ገበታ ሳይነካ ለልጆቻችን ማድረስ ነው።

የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቀዳሜ ሰማዕት የቅዱስ እስጢፋኖስ በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።